እናቴ ባሕር የጠጣችበት ሳምንት

እናቴ ጉልበቷን አልታከምም ብላ አታውቅም። እንዲያውም ኑሮዋ መታከም ነው፤ ችግሩ ሐኪሟ ራሷ መሆኗ ነው። ኮለምበስ ከመጣች ወዲህ ያልሞከረችው ቅባት፣ ያላሰረችበት ቅጠል የለም። ጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ፣ ፌጦ በሎሚ አለ፣ ታች ቤት ያሉት እትዬ ከሳዑዲ ያስመጡት ምንነቱ ያልታወቀ አረንጓዴ ነገር አለ። የምንኖረው ሊንደን ነው፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። የዌርሃውስ ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ፣ ገና ደረጃው ሥር ሳለሁ የዕለቱ መድኃኒት ምን እንደሆነ አፍንጫዬ ይነግረኛል።

ሳቁን ልተወውና፣ ጉልበቷ አልቆ ነበር። ዶክተሩ ራጁን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አሳየን። የቀኙ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ ስለሆነ በሰው ሠራሽ መቀየር አለበት፣ ቶሎ ቢሆን ይሻላል አለ። እናቴ ራጁን የሌላ ሰው ጉልበት እንደሆነ ሁሉ አየችውና «አስብበታለሁ» አለች። ዓመት ሙሉ አሰበችበት። በዚያ መሃል አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ደረጃው መሃል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀሐይ ልሙቅ ብላ ወርዳ፣ መውጣቱ አቅቷት ነው። ስታየኝ፣ እዚያ የተቀመጠችው ፈልጋ እንደሆነ ለማስመሰል ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት ተወች፤ እኔም ሥራ ላይ ሆኜ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ተውኩ።

እኔና እሷ ብቻ ነን። አባቴ ገና በልጅነቴ ነው የሞተው፤ ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ትቻት የመጣሁት እሷን ነው፤ ቆይቼ ያስመጣሁትም እሷን ነው።

«ኦፕሬሽኑን ስኬጁል ላድርገው?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «መጀመሪያ ውሃ ልሞክር።»

ውሃ ስትል ፍል ውሃ ማለቷ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ ነው ያደገችው፤ እኔንም እዚያው ነው የወለደችኝ። በእሷ አገር ቁርጥማት ያሠቃየው ሰው ፍል ውሃ ይወርዳል። ደግሞ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ሥርዓት አለው። ጀምበር ሳትወጣ በባዶ ሆድ ይገባሉ፣ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ፣ ሲወጡ ይሸፋፈናሉ፣ በሌላ ውሃ አይለቃለቁም፣ ንፋስ አያገኛቸውም። ታዲያ እኔ ኦሃዮ ውስጥ ከማንቆርቆሪያችን በቀር የሚፈላ ውሃ ከየት ላምጣ።

መላው የተገኘው ሥራ ቦታ ነው። አብራኝ ዕቃ የምታሽግ ልጅ ቫኬሽን ሄዳ የተነሳችውን ፎቶ ምሳ ሰዓት ላይ አሳየችኝ። ሜክሲኮ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ባሕሩ በአረንጓዴ ተራሮች መሃል ወደ ውስጥ ገብቶ ረግቶ ተኝቷል። እኛ መኪናችን ላይ የተጋገረውን በረዶ በምንፍቅበት ወር እዚያ ውሃው ለብ ያለ ነው አለችኝ። ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«ጨው አለው?» አለችኝ።

«ባሕር አይደል እንዴ እማ፤ ጨው በጨው ነው።»

«ጨው እብጠት ይስባል» አለች ለራሷ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነቃ አየሁ። እኔም ሳይቀዘቅዝ ልያዘው ብዬ ድርድር ገባሁ። እንሄዳለን፤ ውሃው ካላዳናት ግን ስንመለስ ኦፕሬሽኑን ታደርጋለች።

«ኢንሻአላህ» አለች፣ ጎተት አድርጋ። ስትጎትተው ነገሩ እንደማያስተማምን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቡክ አደረግኩት።

ሻንጣዋን ስትሸክፍ ወደ ሞቃት አገር እንደምንሄድ የነገራት ያለ አይመስልም። ጋቢ ያዘች፣ ሹራብ ያዘች፣ በሶ ያዘች፣ ደረቅ ዳማከሴ በፌስታል ያዘች። ገላ የሚሸፍን የዋና ልብስ ኦርደር አድርጌላት ነበር፤ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመችና «ስልቻ ውስጥ ከተትሽኝ እኮ» ብላ ብዙ ሳቀች። ከላዩ ቀሚስ ደርባበት ነው የተስማማችው። በዊልቸር እየተገፋች አውሮፕላን ማረፊያ ስትገባ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ሰው ሳታይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አለፈች።

ባሕሩ ፎቶው ላይ ካለው ይበልጥ ያምር ነበር። ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማያዊ፣ ከወዲያ ማዶ ተራራ። አሸዋው ላይ የዘንባባ ቅጠል ጥላዎች ተተክለዋል፤ ሰዉ ግን ጥላውን ትቶ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ሰው እንደ በርበሬ ይሰጣል?» አለችኝ።

«መጥቆር ፈልገው ነው።»

«ምች አይፈሩም?»

ምች ምን እንደሆነ ለሆቴሉ ሰው ለማስረዳት የሞከረ ይፍረደኝ። እናቴ ግን ዝም ብላ ማለፍ አልቻለችም። ከእኛ አጠገብ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ነበር። ቅባት፣ ፀሐይና ሽታ አንድ ላይ ሲሆኑ ለእናቴ ከዚያ በላይ አደጋ የለም። ክፍላችን ገብታ ዳማከሴ በሻይ አፈላችና በእኔ እጅ ላከችላቸው። ሴትዮዋም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ጠጥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት። ከዚያ በኋላ ባየቻቸው ቁጥር «ያተረፍኳት ሴትዮ» ነበር የምትላቸው።

የእኛ ፕሮግራም የተለየ ነበር። ሱብሂ ሰግዳ ስትጨርስ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እጄን ይዛ እንወርዳለን። አሸዋ ለታመመ ጉልበት ክፉ ነው፤ እግሯ በሰመጠ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔም አብሬያት እይዛለሁ። ውሃው መጥቶ የሚመለስበት ቦታ ላይ «ቢስሚላህ» ብላ ትቀመጣለች። አትንቀሳቀስም፣ አታወራም፣ እኔንም አታስወራኝም። ሲበቃት በጋቢ እጠቀልላትና ንፋስ ሳይመታት ክፍል እናስገባታለን፣ እኔና ምርኩዙ። መለቃለቅ ክልክል ነው። ጨው ገላዋ ላይ ደርቆ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ያሳክካት ጀመር። «እየሠራ ነው» ትላለች እያከከች።

ቀኑን መጋረጃ ዘግተን እንውላለን፤ አንዳንዴ በረንዳው ላይ ጥግ ይዘን የሰዉን ጨዋታ እናያለን። ሙዝ የሚመስል ረጅም ፊኛ ላይ ተደርድረው በጀልባ የሚጎተቱ ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይገለበጣሉ፣ ለመገልበጥ ነው የሚሄዱት። በጃንጥላ ሰማይ ላይ የሚንጠለጠሉ ነበሩ። አፋቸውን ቱቦ አጉርሰው በሆዳቸው ተኝተው የባሕሩን ወለል የሚያዩ ነበሩ፤ እናቴ አንዱን ካየችው በኋላ «ያ ሰውዬ እኮ አልተነሳም፣ ለሰው ንገሪ» ብላ ዕረፍት ነሳችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ካያክ በሚሏቸው ጀልባዎች ላይ ነበር። ቢጫ ናቸው፣ እንደ ባቄላ ቅርፊት ጠባብ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይቀመጥና መቅዘፊያውን ግራና ቀኝ እያለ ዝም ብሎ ይሄዳል።

«ሂጂ እንጂ ተጫወቺ» ትለኛለች።

«አላሰኘኝም» እላታለሁ። አሰኝቶኝ ነበር፣ በጣም።

ሳምንቱ ሳይጋመስ አንድ ማለዳ እሷን ውሃው ውስጥ አስቀምጬ ጀምበር ስትወጣ በማየት ልቤን ጣልኩ። ዘወር ስል የሆቴሉን የጥርስ መታጠቢያ ብርጭቆ ከቀሚሷ ሥር አውጥታ፣ ከባሕሩ ቀድታ፣ ዓይኗን ጨፍና እየጠጣች ነው። ብርጭቆው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«እማ፣ ጠጣሽው?»

«ውሃ ከውጪ ብቻ ምን ይሠራል» አለች አፏን እየጠረገች። «ከውስጥም ማጠብ አለበት።»

ፍል ውሃ እኮ ይጠጣል፤ ያ ነው ሐሳቧ። በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ሆድ ያጥባል፣ ሰው ቀለል ብሎት ይውላል። ባሕር ግን እንደዚያ አይደለም። ቁርስ ሰዓት ሳይደርስ ታስመልስ ጀመር፤ ቀጥሎ የታችኛውም መጣ። የሆቴሉ ነርስ መጥታ ዓይኗንና ምላሷን አየች፣ ጣፋጭና ጨው ያለበት ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ አጠጪያት፣ ይተዋታል ብላኝ ሄደች። እኔ ግን አላመንኳትም። እናቴ ያን ቀን አልጋው ላይ በጣም ትንሽ መሰለችኝ።

ከሰዓት ረጋ ሲልላት ፍርሃቴ ንዴት ሆኖ ወጣ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መጀመሪያ እፈራለሁ፣ ሰዉ ከዳነ በኋላ እቆጣለሁ።

«ኦፕሬሽን ፈርተሽ ባሕር ትጠጫለሽ?» አልኳት። «እዚያ ዶክተር አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ማሽን አለ። ምኑን ነው እንዲህ የምትፈሪው?»

ፊቷን ወደ ጣሪያው አዞረች። ኋላ ላይ፣ «ቢላዋውን መቼ ፈራሁ» አለችኝ። «አንቺን ስወልድ ከዚያ የከፋ አይቻለሁ። የሚያስተኙት ነገር ነው። ተኝቼ ሳልነሳ ብቀር፣ ያን ደረጃ ብቻሽን ነው የምትወጪው። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ማን አለሽ?»

እኔም ዓመቱን ሙሉ የማስበው ይሄንኑ ነው። ደረጃውን፣ በሩን፣ ምንም መድኃኒት የማይሸትበትን ቤት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ትገፊኛለሽ?»

«ስታነክሺ ማየት ስለማልችል።»

እጇን ሰደደችና ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ ሳበችው። ሆዷ ይጮህ ነበር። «ባሕሩ ነው» አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ ሆነን እንቅልፍ ወሰደን።

በማግስቱ ደክሟት ስለነበር አልወረድንም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ግን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ በገዛ ፈቃዷ እንውረድ አለች። ባሕሩ ጥግ ላይ ማዕበል የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እዚያ ዕድሜያቸው የገፋ እንግዶችን ውሃ ውስጥ ስፖርት የምታሠራ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ለካ ሴትዮዋ እናቴን ጎህ ሲቀድ ውሃው ዳር ስትቀመጥ በየቀኑ ታያት ኖሯል። መጥታ በስፓኒሽ አወራቻት፤ እናቴ በአማርኛ መለሰችላት፤ እኔ መሃል ላይ በእንግሊዝኛ ቀረሁ። ሴትዮዋ በእጇ ደረቷን አሳየች። እስከዚህ ድረስ ግቢ ማለቷ ነው።

«ብሰምጥስ?» አለችኝ እናቴ።

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ ዋና ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም።»

«እሰይ፣ አብረን ልንሰምጥ ነዋ» አለችና ምርኩዟን ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

ምርኩዙ አሸዋው ላይ ተተክሎ ቀረ። እኔ በአንድ ወገን፣ ሴትዮዋ በሌላ ወገን ይዘናት ገባን፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ እያለ። ደረቷ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ተራመጂ አለቻት። እናቴ እንደልማዷ ትንፋሿን ይዛ ቀኝ እግሯን አነሳች፣ አስቀመጠችው። ቆመች። አየችኝ።

«አያምም» አለች።

እንደገና ተራመደች። ከዚያ እንደገና። ውሃው ክብደቷን ተሸክሞላት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማን ያስበዋል። ሄደች፣ ዞረች፣ በጎን ሄደች፣ ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሳፍፎ፣ ሻሿ ረጥቦ። እጄን መቼ እንደለቀቀችው አላስተዋልኩም። እናቴ ፈጣን ሴት ነበረች። ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ነበር የምሮጠው፤ «ቶሎ በይ፣ ደህና ደህናው አለቀ» ትለኝ ነበር ዞር ሳትል። ያን አረማመዷን ከዓመታት በኋላ ባሕር ውስጥ አየሁት። ከኋላዋ ልደርስባት ብዬ ውሃውን በክንዴ እየገፋሁ ሄድኩ፣ አልደረስኩባትም።

ውጪ ብንላት እምቢ አለች። በመጨረሻ ስንወጣ፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር ሕመሙ ወደ እሷ ሲመለስ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ቆመችና እንባዋ ወረደ። እናቴ አባቴ ሲሞትም እኔ ፊት አላለቀሰችም።

«ምነው እማ?»

«እንዲህ እንደነበርኩ ረስቼው ነበር እኮ» አለችኝ።

ጥላው ሥር አስቀመጥኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሃል። ጋቢዋን ሰጥቻት አልተሸፋፈነችም። ወደ ባሕሩ እያየች፣ «አንቺም ከኔ ጋር አብረሽ ታመሻል» አለች። «እኔስ ጉልበቴ ነው። አንቺ ደህናውን እግር ይዘሽ ቤት ቁጭ ብለሻል። ያቺን ቢጫ ጀልባ ከመጣን ጀምሮ እንዴት እንደምታያት ያላየሁ መሰለሽ?»

«ብቻሽን ትቼሽ...»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ብርቱካናማ የሕይወት ጃኬት አልብሰው ካያኩ ላይ አስቀመጡኝና ገፉኝ። ወዲያው መዞር ጀመርኩ። ወደፊት ልሂድ ስል ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ስል ወደ ኋላ። ዳር ላይ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ተነስታ ቆማለች፤ አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ረዳት እጇን እያወዛወዘች «በግራ በይው፣ በግራ... አሁን መልሺው» ትለኛለች። በሕይወቷ ካያክ ነክታ አታውቅም፤ ግን ያለችኝን ሳደርግ ቀና አለልኝ። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባሁ። ጸጥ አለ። ለአንድ አፍታ ስለ ምንም ነገር አላሰብኩም፣ ስለ እሷም ጭምር። ዞር ስል እዚያው ቆማ ታየኛለች።

ስመለስ ፎጣ እያቀበለችኝ፣ «ቤት እንደገባን ኮል አድርጊላቸው» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለሐኪሞቹ ነዋ። ቀን ይስጡን።» እንደገና ወደ ውሃው አየች። «ደረቅ መሬት ላይም እንደዚያ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ኦፕሬሽኑ የሆነው ኮለምበስ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ማለዳ ሆስፒታል ስንገባ ነርሷ እኔን እንዳልተረጉም ከለከለችኝ፤ ደንባቸው ነው። ተርጓሚው በስልክ፣ በስፒከር የሚመጣ የአንድ ሰውዬ ድምፅ ነበር። «እንደምን አደሩ እናቴ» አላት፤ እናቴም ከስልኩ ጋር በደንብ ሰላምታ ተለዋወጠች፣ ልጆቹን ሳይቀር ጠየቀችው። ነርሷ የአለርጂውን፣ የመድኃኒቱን ጠይቃ ስትጨርስ የሚያሳስባት ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

«አለ» አለች እናቴ። «ግን ልጄ ፊት አልናገረውም።»

ተርጓሚው ሥራው ነውና ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ በእንግሊዝኛ ደገመው። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እናቴ ስልኩን ክዶ እንዳሳጣት ሰው ተመለከተችው። «ይሄንንም ትናገራለህ?» አለችው። ደንግጦ ያንንም ተረጎመ።

ኮሪደር ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ሲጠሩኝ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። ለዚያ ለማታውቀው ሰውዬ ምን እንደነገረችው እስከዛሬ አልጠየቅኳትም። እጄን ስማ፣ ቁርስ እንድበላ አዝዛኝ ገባች።

ነቃች። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በልቼ እንደሆነ ነው፤ በልቻለሁ ብዬ ዋሸኋት።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ዎከር የሚሉትን ባለአራት እግር መደገፊያ ይዛ መጣችና እንነሳ አለች። እኔ ለሳምንት የምትተኛ መስሎኝ ነበር። ልደግፋት ስጠጋ ልጅቷ በእጇ ተያት አለችኝ፤ ከእናቴ ፊት ለፊት፣ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። እናቴ ዎከሩን ጨብጣ ከአልጋው ተነሳች። ከንፈሯን ነክሳ አዲሱን ጉልበት አንድ ጊዜ ወደፊት አሳለፈችው፣ ረገጠችበት፣ ቆመች። እኔ ሳላስበው ሁለት እጄ ወደ እሷ ተዘርግቷል።

«ወፌ ቆመች» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አፌ ነው ያለው።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት። ዎከሩ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ልጅቷ ምን ሆኑ ብላ ግራ ገባት። «አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይፈታል» አለችኝ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እሱን እኮ ላንቺ ነበር የምለው።»

«አውቃለሁ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። ዎከሩን አስተካክላ ያዘች።

«ወደ ኋላ ራቅ በይልኝ» አለች። «እዚያ ድረስ እመጣለሁ።»

ራቅኩላት። መጣች።